የግራ እጅ ቋጠሮ

ዳኑታ ጠንካራ ወረቀት በፒንቦሏ ማሽን ሁለት ፑንቲናዎች፣ ኤሌክትሪክ በሚያገናኙት ትንንሽ ብረቶች፣ መሃል አስገብታ፣ በጣቷ ጫን እንዳደረገቻቸው ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ገልብጣ ደገመችው፤ መስመሩ ግራጫ ሆነ። እንደገና ስትስበው ወረቀቱ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ፑንቲናውን ገፋ አድርጋ ለቀቀችው። ጠቅ አለ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ የማያመነታ ድምፅ። ከድምፆች ሁሉ ይህን ትወድ ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለፍቅረኛዋ ለኤመሪ ብቻ ነግራዋለች።

«እንዴት ነች?» አለ አባቷ ከማሞቂያው አጠገብ።

«ልቧ ደህና ነው። ግን የሆነ ሰው ዘይት ቀብቷታል፣ አባባ።»

«ዘይት!» ዚግሙንት ባርኔጣውን ከዓይኑ ላይ ከፍ አደረገ። «ፒንቦል ዘይት የሚቀባ ሰው ሾርባ ውስጥ ሳሙና ይጨምራል። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ሙጫ ይሆናል፣ ከዚያ ማሽኗ ሞተች ብለው ጓዳ ይጥሏታል።»

«እየጠረግሁላት ነው።»

«ቀስ ብለሽ። በዕድሜ ታላቅሽ ነች።»

ጋራዡ በቺካጎ ከሚልዋኪ ጎዳና ጀርባ፣ የቆሻሻ በርሜሎች በተደረደሩበት መተላለፊያ ላይ ነው። የመጋቢት በረዶ ጠቁሮ በሩ ሥር ተቆልሏል። ውስጥ ግን ይሞቃል፤ የጋለ የብየዳ ካውያና የአሮጌ እንጨት ሽታ አለው። የሰፈሩ የፒንቦል ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ከየመጠጥ ቤቱና ከየሰው ጓዳ የወጡ የፒንቦል ማሽኖች እዚህ ይመጣሉ፤ ዳኑታ ትገዛቸዋለች፣ ትጠግናቸዋለች፣ ትሸጣቸዋለች። አባቷ ድሮ በፋብሪካው ገጣጣሚ ነበር። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ካውያ አይዝም፤ ምላሱ ግን አይንቀጠቀጥም።

ዛሬ የተከፈተችው «የሐይቁ ንግሥት» ነበረች። በማሽኗ ራስ መስታወት ላይ ዘውድ የደፋች ሴት ከጀልባ ላይ ሆና የሩቅ ከተማ መብራት ታያለች። ኳሷ በዚያች ሴት ዓይን ሥር፣ በተንጋለለው ሰሌዳ ላይ ትንከባለላለች፤ ሁለት ትንንሽ መቅዘፊያዎች ከታች እየመቱ ይመልሷታል። የመስታወቱ ቀለም አንድ ጥግ ላይ ብቻ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ በቀር ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ቀዩም ቀይ ነው። ዳኑታ ማሽኗን ባለፈው ሳምንት ከሰሜኑ የሐይቅ ዳርቻ፣ ከባልቴቷ ከወይዘሮ ሉዲንግተን ቤት ገዝታ ስታመጣት መንገዱን ሁሉ በኋላ መመልከቻው እያየቻት ነበር።

የባልቴቷን የጓዳ ዕቃ የገመተው ኤመሪ ሃርግሬቭ ነው። ኤመሪ የአንድ ጨረታ ቤት ንብረት ገማች ነው፤ የዚያው የሐይቅ ዳርቻ ልጅ። ከዳኑታ ጋር የተዋወቁት በአንድ የተሰበረ መቅዘፊያ ዋጋ ተጨቃጭቀው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አብረው አሳልፈዋል። በገና ዕለት እንድታገባው ጠይቋት ነበር። እሷ «እስከ ፋሲካ ታገሠኝ» አለችው። የምትፈራው እሱን አልነበረም። የምትፈራው እናቱ ስሟን ስትጠራ የምታሳየውን ፈገግታ ነበር፤ ሁልጊዜ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ትመስላለች።

ስለ «የሐይቁ ንግሥት» ኤመሪ የሰጠው ግምት አጭር ነበር፦ የተለመደ ዓይነት፣ የማይሠራ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን። ባልቴቷም በዚያው ዋጋ ሸጠችላት።

ዳኑታ ሰሌዳውን ወደ ላይ አንሥታ በዘንግ ደገፈችው። ከሥሩ ያሉት ሽቦዎች ታዩ፤ ጨርቅ የለበሱ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያላቸው፤ በሰም በተቀባ ሲባጎ በየጣቱ ርቀት ታስረው እንደ ሹሩባ ወርደዋል። የእጅ ባትሪዋን አስጠጋች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«አባባ።»

«ምን?»

«ና እስኪ።»

ዚግሙንት እያጉረመረመ ተነሣ፤ መነጽሩን አደረገ፣ አጎነበሰ። ሲባጎው በየቋጠሮው ላይ ሁለቴ ዞሮ ወደ ግራ ተኝቷል። ሌሎቹ የፋብሪካው ሴቶች ሁሉ ወደ ቀኝ ነበር የሚቋጥሩት።

ሽማግሌው ጣቱን ዘርግቶ አንዱን ቋጠሮ ነካ።

«ስቴፋኒያ» አለ። የሚስቱን ስም ከቀብሯ ወዲህ እንዲህ ጠርቶት አያውቅም፤ ከጎረቤት ክፍል እንደሚጣራት ሁሉ።

ዳኑታ እናቷ በፋብሪካው ትሠራበት ስለነበረው ጠረጴዛ ብዙ ሰምታለች። ሴቶቹ ምስማር የተመታበት ትልቅ ጣውላ ዙሪያ ይቆማሉ። እያንዳንዷን ሽቦ በየምስማሩ ያዞራሉ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ በሲባጎ ይቋጥሩታል፤ ከጣውላው ሲያነሡት የዛፍ ሥር ይመስላል። ስዕል አያዩም ነበር፤ መንገዱን ጣታቸው ያውቀዋል። እየቋጠሩ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ስለ አለቃው ጢም ዘፈን ያወጣሉ፤ ሽቦው ግን አይሳሳትም። ያኔ ከተማው ፒንቦል መጫወትን ይከለክል ነበር። ቺካጎ ለዓለም ሁሉ እየሠራች ትልካለች፣ በራሷ መጠጥ ቤት ኳስ የመታ ግን ፖሊስ ይይዘዋል። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ አገር ሰው የሚጫወትበትን ደስታ ስትቋጥር ኖረች።

«ይኸው እጇ» አለ ዚግሙንት። «እንዴት ቀጥ እንዳለ እይው። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ አንዱም አልላላም።»

ዳኑታ ደስ እያላት የባትሪውን ብርሃን ወደ ጥግ አዞረች። እዚያ፣ እንጨቱ ላይ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ማኅተም አየች። «ናሙና» ይላል። ከጎኑ ያሉት ቁጥሮች በእጅ የተጻፉ ናቸው።

«አባባ፣ ይህችን ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም እንዴ! ሥራው ሳይጀመር ለነጋዴ የሚታዩ ጥቂቶች ይሠሩ ነበር። ምርጥ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ የሚነኳቸው። አንዷን ያገኘ የአሮጌ ማሽን ሰብሳቢ ቤቱን ሽጦ ይገዛታል።» ሳቀ። «ዕድለኛ ነሽ፣ ልጄ! ያ ያንቺ ገማች ዕውር ነው!»

ዳኑታ ግን አልሳቀችም። ማኅተሙ ዙሪያ ያለው አቧራ በአውራ ጣት ተጠርጓል። ኤመሪ ሊያነብ የፈለገውን ነገር ሁልጊዜ በአውራ ጣቱ ነው የሚጠርገው፤ በግማሽ ክብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የሕፃን ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ይህን እጅ እያየች ነው የወደደችው።

«አይቶታል» አለች።

አባቷ ሳቁን አቆመ። አቧራውን አየ፣ እሷን አየ።

«ካየውማ ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ደግሞ…»

«ወይ ደግሞ ምን?»

«ሦስተኛውን አንቺው ታውቂዋለሽ» አለ ወደ ማሞቂያው እየተመለሰ። «ከሦስቱ የሚከፋው እሱ ነው።»

ዳኑታ ባትሪዋን አጠፋች። የእናቷ ቋጠሮ ጨለማ ውስጥ ገባ። ደስታዋ ግን አብሮ አልጠፋም፤ ከኀፍረቷ ጋር እንደ ሁለት የተጣሉ እህቶች በአንድ አልጋ ላይ ቀረ።

* * *

ኤመሪ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ውድ ካፖርቱ ትከሻ ላይ በረዶ፣ በእጁ ከማዕዘኑ ምግብ ቤት የገዛው በድንች የተሞላ ፒየሮጊ፣ የፖላንዶች የሊጥ ምግብ።

«አቶ ዚግሙንት፣ ዛሬ አርብ ነው ብዬ ሥጋ የሌለበት ነው ያመጣሁልዎ።»

«ሽንኩርቱ አለ?»

«በደንብ የተጠበሰ።»

«እንግዲያው ግባ» አለ ሽማግሌው፤ ግን እንደ ሌላው ቀን ወንበር አልገፋለትም።

ሌላ ጊዜ ኤመሪ ሲገባ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥራ ያያል፣ ከዚያ እሷን። ዛሬ መጀመሪያ እሷን አየ። ማሽኗን ጭራሽ አላየም። ዳኑታ የምትጠይቀውን ከመጠየቋ በፊት መልሱን ያኔ አገኘችው።

«ከሰሌዳው ሥር ያለውን ማኅተም አንብበኸዋል?»

የምግቡን ዕቃ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሊዋሽ ቢፈልግ ጊዜ ነበረው።

«አንብቤዋለሁ።»

«ለመለዋወጫ የሚሆን ብለህ ጻፍክ።»

«ቋጠሮውን አየሁት፣ ዳኑታ። አምና ክረምት እዚሁ ቆመሽ ያሳየሽኝን፣ ወደ ግራ የተኛውን። በዚያ ጓዳ ውስጥ፣ በተጠቀለለ ምንጣፍና በተሰበረ አልጋ መሃል፣ ባትሪዬን ሳበራ እናትሽን አገኘኋት። እውነቱን ብጽፍ ወደ ጨረታ ትሄዳለች። አንዱ ይገዛትና በላስቲክ ጠቅልሎ መጋዘን ያስገባታል። አንቺ ዳግመኛ አታያትም። እጄ እንቢ አለኝ።»

«እጅህማ እንቢ አላለም። እጅህ ጽፏል።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ አሮጊት ሴት አታለልክ። ስጦታ ብለህ ያመጣህልኝ የሰው ንብረት ነው። እናቴን በተሰረቀ ሳጥን ውስጥ ነው ያመጣህልኝ!»

«ማን ያውቃል? እሷ እንደሆነ ደስ ብሏት ነው የሸጠችው፤ ጓዳዬ ጸዳልኝ ነው ያለችው…»

«እኔ አውቃለሁ። አባባ ያውቃል። ነገ ደግሞ አንድ ሰብሳቢ መጥቶ ይህን ማኅተም ያያል። ያኔ ምን የሚባል ይመስልሃል? የሃርግሬቭ ልጅ ዋሸ ይባላል?» ካቻቢቴውን እንደያዘች ወደ መተላለፊያው ጠቆመች። «ያቺ የመተላለፊያዋ ፖላንዳዊት ልጁን አሞኝታ የባልቴቷን ንብረት አስወጣች ነው የሚባለው። እናትህ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትጠብቀው ይህንኑ ቃል ነው። አንተ ደግሞ አቀበልካት።»

የኤመሪ ፊት እንደተመታ ሰው ሆነ።

«ይህን አላሰብኩትም» አለ።

«አውቃለሁ። እንድታስበው የሚያደርግ ነገር ደርሶብህ አያውቅም።»

ከማሞቂያው በኩል ዚግሙንት ሳል አስመስሎ ሳለ። ማንም አላየውም።

«ነገ ሄጄ እነግራታለሁ» አለ ኤመሪ።

«ነገ ቅዳሜ ነው። እናትህ እዚያ ካርታ ትጫወታለች።»

«አውቃለሁ።»

«እሷ ባለችበት?»

«እሷ ባለችበት።»

ዳኑታ ዓይኑን ፈልጋ አየችው። ጀግንነት ሊያሳያት የሚሞክር ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር፣ ፍርሃቱንም አልደበቀም። ያ ፍርሃት ንዴቷን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገው፤ አንድ ብቻ።

«እንግዲያው ማሽኗም ትሄዳለች» አለች።

«ሳትጠገን?» አለ ዚግሙንት።

«ተጠግና ነው እንጂ፣ አባባ። የሰው ዕቃ ተበላሽቶ አይመለስም።»

ኤመሪ ካፖርቱን አውልቆ ባትሪውን ያዘላት። አንድ የተበጠሰ ሽቦ በካውያ በየደች፤ ዘይት የጠጡትን ፑንቲናዎች አንድ በአንድ ጠረገች፤ የተቃጠሉትን አምፖሎች ቀየረች። አልተነጋገሩም። ብርሃኑን ግን የት እንደምትፈልገው አንዴም ሳትነግረው እዚያው ያደርገው ነበር። እጇ ወደ ግራ ከመሄዱ በፊት ብርሃኑ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህ ነበር ያስመረራት። አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ልብሽን እያወቀ፣ ክብርሽን እንዴት ሳያውቅ ይቀራል?

ሰሌዳውን ከመዝጋቷ በፊት ጣቷን በቋጠሮዎቹ ላይ አሳለፈች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሳትቸኩል። ማልቀስ ፈልጋ ነበር። ባትሪው ግን በኤመሪ እጅ ነበርና፣ በእሱ ብርሃን ማልቀስ አልፈለገችም።

* * *

በማግስቱ የማሽኗን ራስ ለብቻ፣ አካሏን ለብቻ ከዳኑታ ፒክአፕ አውርደው ነው ወደ ወይዘሮ ሉዲንግተን ቤት ያስገቡት። ኤመሪ ከባዱን ጎን ይዞ፣ የኋሊት እየሄደ፣ በስስ ጫማው በረዶውን ረግጦ ደረጃውን ወጣ። ዳኑታ «ዝቅ»፣ «አሁን ግራ»፣ «ጣትህን!» ስትለው እንደታዘዘ አደረገ።

ወይዘሮ ሉዲንግተን የካርታውን ጠረጴዛ ትታ መጣች፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ጆሮዋ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ያላት ሴት።

«ኤመሪ! ያወጣሁትን ቆሻሻ መልሰህ አመጣህብኝ እንዴ? እኔ ሞቼ ልጆቼ እስኪጨቃጨቁበት መቆየት አልቻልክም?»

ከኋላዋ እናቱ፣ ወይዘሮ ሃርግሬቭ፣ ካርታዎቿን እንደያዘች ቆማለች። ዳኑታን አይታ ፈገግ አለች፤ ያንኑ ፈገግታ።

ኤመሪ ምንጣፉ መሃል ቆመ። ከጫማው የሚቀልጠው በረዶ ምንጣፉን እያራሰው ነበር።

«ወይዘሮ ሉዲንግተን፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «ይህች ማሽን ከጥቂቶቹ ናሙናዎች አንዷ ነች። በጨረታ ብትቀርብ በዚህ ቤት ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹን ትበልጣለች። እኔ ማኅተሙን እያየሁ ለመለዋወጫ የሚሆን ብዬ ጻፍኩ። የፈለግሁት ዳኑታ እንድትገዛት ነበር። እሷ አላወቀችም። ትናንት ከፍታ ስታይ አወቀች፤ ይኸው ዛሬ መለሰቻት።»

ድምፁ አንዴም አልተሰበረም። ዳኑታ ትናንት በንዴት ያየችው ሰውዬ እንዴት እንደዚህ ቀጥ ብሎ ሊቆም እንደቻለ ገረማት። አንድም «ግን» አልተናገረም።

«ኤመሪ» አለች እናቱ በለሆሳስ፣ «ደክሞሃል። ተቀመጥ። ይህ ያንተ ሐሳብ አይደለም።» ዓይኗ ወደ ዳኑታ ዞረ።

«የእኔ ነው፣ እማዬ። የእኔ ብቻ ነው። በእሷ ላይ የሚያላክክ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።»

ወይዘሮ ሉዲንግተን መስሚያዋን አስተካከለች።

«አንቺስ?» አለች ለዳኑታ። «ሁለታችሁ ተማክራችሁ፣ ኋላ ፈርታችሁ እንዳልመጣችሁ በምን አውቃለሁ?»

ጥያቄው ዳኑታ ሌሊቱን ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ሁሉንም ተወቻቸው።

«ማወቅ አይችሉም፣ እመቤቴ» አለች። «ማወቅ የሚችሉት ማሽኗ እዚህ መሆኗን ነው። እሱንም ቢሆን ሳይጫወቱባት አይመኑኝ።»

ባልቴቷ ቅንድቧን አነሣች። «ትሠራለች?»

«ትሠራለች።»

ዳኑታ ተንበርክካ እግሮቹን ገጠመች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች። ውሃ ልክ አውጥታ አስቀመጠች፤ ማሽኗ በጎን ቀጥ እንድትል፣ ከኋላ ግን ከፍ እንድትል አደረገች። ሶኬቱን ሰካች። መጀመሪያ አንድ አምፖል በራ፣ ከዚያ ሌላው፤ ብርሃኑ ከመስታወቱ ኋላ ተነሥቶ የንግሥቲቱን ፊት አሞቀው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲመለስ ደወሎቹ ተንጫጩ። ካርታ የያዙት ሴቶች ሁሉ ሳያስቡት አንድ እርምጃ ቀረቡ።

ወይዘሮ ሉዲንግተን የመጀመሪያዋን ኳስ ወዲያው ጣለች፤ ካርታ ጠረጴዛ ላይ የማይባል ስድብ ተሳደበች። ሁለተኛዋን ስትለቅ ግን ሰውነቷ ተለወጠ። ትከሻዋ ዝቅ አለ። ኳሷ በመቅዘፊያዎቹ መሃል ወዳለው ገደል ስታዘነብል ባልቴቷ በዳሌዋ ማሽኗን ነካ አደረገቻት፤ ትንሽ፣ ልክ በሚገባ መጠን። በኃይል ቢሆን ማሽኗ ተቆጥታ፣ ጨዋታውን አቁማ ትጠፋ ነበር። አልጠፋችም። ኳሷ አቅጣጫዋን ቀይራ መቅዘፊያው ላይ ወደቀች፣ ተመታች፣ ላይ ያሉትን ደወሎች ሁሉ እየመታች ወጣች። ዳኑታ ትንፋሿን ዋጠች። እንዲህ ዓይነት ዳሌ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ጨዋታው ሲያልቅ ወይዘሮ ሉዲንግተን እጆቿን ከማሽኗ ላይ አላነሣችም።

«ባሌ ዋልተር ማሸነፍ አይችልም ነበር» አለች። «በጉልበቱ ይገፋታል፣ እሷም ትጠፋበታለች። እኔ ነበርኩ የማሸንፈው። እሱ ሲሞት የሚሸነፍልኝ አጣሁና ጓዳ አስገባኋት።» መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገች። «አልሸጣትም። ለጨረታም፣ ለአንቺም።»

የዳኑታ ልብ ወረደ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተስፋ እያደረገች እንደነበር አላወቀችም ነበር።

«ወይዘሮ ሉዲንግተን» አለ ኤመሪ በችኮላ፣ «የዳኑታ እናት እኮ…»

ዳኑታ አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱም ቃሉን ከአፉ መለሰው። እናቷን መደራደሪያ ልታደርጋት አልፈለገችም፤ እሱም ይህን ያለ ቃል ተረዳ፤ ትናንት ቢሆን አይረዳውም ነበር።

«የእርስዎ ነች» አለች ለባልቴቷ። «ዘይት ብቻ እንዳይቀቧት።»

«ዋልተር ነበር የሚቀባት፣ ሞኙ!» አለች ወይዘሮ ሉዲንግተን፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር። የዳኑታን ገንዘብ እንደምትመልስ ተናገረች፤ ከዚያ ወደ ኤመሪ ዞረች፣ ፊቷም ጠነከረ። «አንተን ግን ይቅር አልልህም። ዛሬ አይደለም። ከሕፃንነትህ ጀምሮ በዚህ ቤት ብስኩት እየበላህ ነው ያደግኸው። ሰኞ ለአለቆችህ ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኛል።»

ወይዘሮ ሃርግሬቭ ጓንቷን አጠለቀች፣ እያንዳንዱን ጣት እየሳበች።

«ኤመሪ፣ መኪናው ውስጥ እጠብቅሃለሁ።»

«አትጠብቂኝ፣ እማዬ። የምመለሰው በፒክአፑ ነው።»

ዳኑታ ፈገግታውን ጠበቀች፤ አልመጣም። የእናቱ ዓይን ከልጇ ፊት ወርዶ ጫማው ላይ ቆመ።

«እግርህ ርሷል» አለች። ሌላም ነገር ልትል የፈለገች ትመስል ነበር። ከዚያ ወጣች። ዳኑታ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችላት።

* * *

ውጪ፣ ፒክአፑ አጠገብ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ማሽኗን የጠቀለሉበት ትልቅ ብርድ ልብስ ጭነት ቦታው ላይ ተጨማዶ ነበር።

«አጣኋትልሽ» አለ ኤመሪ። «ዝም ብል ኖሮ ቤትሽ ነበረች።»

«ዝም ብትል ኖሮ ሰሌዳዋን ዳግመኛ ባልከፈትኩት ነበር። እናቴን እያየሁ እንዳላያት ታደርገኝ ነበር።»

«ተናድደሽብኛል?»

«በጣም።» ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ ገፋች። «ገና ብዙ ቀን እናደድብሃለሁ። ፒየሮጊ አምጥተህ የምትገላገለው እንዳይመስልህ።»

«ሽንኩርት ቢኖረውም?»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቁ ግን አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ሞላ። ኤመሪ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ተወው። ይህን መተዉን አየችለት።

«ከሰኞ በኋላ ሥራ የለኝም» አለ። «በዚህ ከተማ ግምቴን የሚያምን ሰውም አይኖርም። የእናቴ ቤትም እንዴት እንደሚቀበለኝ አላውቅም። በገና የጠየቅሁሽ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር፤ የምሰጥሽ ያለኝ ሰው። ጥያቄውን መልሼ ልውሰደው፣ ዳኑታ። ፋሲካ እስኪደርስ እንዳትጨነቂ።»

«አትወስደውም።»

«እንዴት?»

«ጥያቄው ለእኔ ከተሰጠ የእኔ ነው። የተሰጠኝን ደግሞ ዛሬ ስመልስ ነው የዋልኩት፤ ሰለቸኝ።» ጓንት በሌለው እጇ የካፖርቱን ቁልፍ ያዘች፣ የሚወድቅ ነገር እንደምትይዝ። «እዚያ ምንጣፍ ላይ ቆመህ ስትናገር እኮ አየሁህ። እናትህ እያየችህ፣ ጫማህ እየፈሰሰ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም። ከአባባ ጋር ግን ትነጋገራለህ፤ ገማቹ ዕውር አይደለም፣ ሌባም አይደለም፣ ሥራ ፈት ብቻ ነው ብለህ ትነግረዋለህ።»

«ዳኑታ… እሺ እያልሽኝ ነው?»

«እሺ እያልኩህ ነው። አሁን ይህን ብርድ ልብስ ያዝ፣ ነፋሱ ሳይወስደው።»

ሁለት ሁለት ጫፉን ያዙ፤ እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላው። ነፋሱ ሞላው፣ እንደ ሸራ ነፋው። ጠበቅ አድርገው ዘረጉት። እሱ ወደ እሷ መጣ፣ ጫፎቹን ከጫፎቿ ጋር አገጣጠመ፤ ጣቶቻቸው ተነካኩ፣ ቀዝቃዛ ነበሩ። ወደ ኋላ ሄዶ እጥፋቱን አነሣ፣ እንደገና መጣ። በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሱ ያጥራል፣ መንገዱም ያጥራል። በመጨረሻ በመካከላቸው ከትራስ የማይበልጥ ነገር ቀረ፤ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳርፎ ቆየ። እሷም አልቸኮለችም።

ከዚያ ተቀበለችው፣ የወጣውን ጠርዝ በእጇ አስተካከለች፣ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠችው።